የኮሌጁ ማኅተም በየሰው ኪስ

ከኮሌጅ የሚወጣ የወረቀት ደብዳቤ እንዴት እንደሚሰናዳ ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከላይ አርማውና የተቋሙ ስም፣ በስተቀኝ ቁጥርና ቀን፣ መሐል ላይ ከሥሩ የተሰመረበት «ጉዳዩ»፣ ከዚያ ፍሬ ነገሩ፣ «ከሰላምታ ጋር»፣ ፊርማ፣ ቲተር፣ ክብ ማኅተም። ከግርጌ በስተግራ «ግልባጭ» ተብሎ የሚደርሳቸው ክፍሎች ይዘረዘራሉ። ተያይዞ የሚሄድ ወረቀት ካለ አባሪው ስንት ገጽ እንደሆነ ይጻፋል። መዝገብ ቤት የወጪ ቁጥር ካልሰጠው ደብዳቤው ወጣ አይባልም። ማኅተሙ ደግሞ በቁልፍ ይቀመጣል፤ ያዡ ሲቀየር በርክክብ ቅጽ ተፈርሞ ነው የሚተላለፈው።

ኢሜይል ሲመጣ ቃላቱን ወርሶ መጣ። «ጉዳይ» አለው፣ «አባሪ» አለው፣ «ግልባጭ» አለው። ሳይመጡ የቀሩት ሁለት ናቸው፦ መዝገብ ቤቱና የማኅተሙ ቁልፍ። በእኛ አገር የኮሌጅ አድራሻ መጨረሻው «ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» ነው፤ ይህ ቅጥያ ለትምህርት ተቋም የተለየ ነው። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ የስኮላርሺፕ ቢሮ፣ ኤምባሲ፣ የምርምር መጽሔት አዘጋጅ ወይም የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ከዚያ አድራሻ የመጣ መልእክት ሲያይ ገና ሳያነበው ግማሽ እምነቱን ይሰጣል። አምስት ሺህ ተማሪና አምስት መቶ ሠራተኛ ያለው ኮሌጅ ለሁሉም አድራሻ ሲያድል አምስት ሺህ አምስት መቶ ማኅተም አስቀርጾ እንዳከፋፈለ ይቆጠራል። የአጠቃቀም ደንብ የሚያስፈልገው ለዚህ ይመስለኛል። አብዛኞቹ ደንቦች ሲነበቡ ግን ለሌላ ነገር የተጻፉ ነው የሚመስሉት።

የተለመደው ደንብ በክልከላ ይጀምራል። የብልግና ምስል አይላክ፣ የንግድ ማስታወቂያ አይላክ፣ «ለአሥር ሰው ካላስተላለፍክ» የሚል መልእክት አይላክ፣ የኢንተርኔት መስመር አይጨናነቅ። ከዚያ «ኮሌጁ መልእክቶችን የመቆጣጠር መብቱ የተጠበቀ ነው» ይልና ይፈረማል። ብዙ ጊዜ ከውጭ ተቋማት ደንብ የተቀዳ ነው፤ ቋንቋውም እንግሊዝኛ እንደሆነ ይቀራል፤ አንደኛ ዓመት ተማሪ ደግሞ ፈርሞበት ሳያነበው ያልፋል። ክልከላዎቹ ስሕተት የለባቸውም። ችግሩ ኮሌጁን የሚጎዳው መልእክት ብዙ ጊዜ ከክፉ ሰው የማይመጣ መሆኑ ነው። ደህና ሰው ተቻኩሎ ይልከዋል፤ የለቀቀ ሠራተኛ ሳጥኑን ሳይዘጋ ይሄዳል፤ አምስት ሰው በአንድ የይለፍ ቃል አንድ ሳጥን ይከፍታል። ደንቡ ስለ እነዚህ ዝም ካለ ስለ ብልግና ምስል የጻፈው ገጽ ብዙም አይጠቅመውም።

መጀመሪያ ሊወሰን የሚገባው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ኮሌጁ ለተማሪው የሚናገረው በየት በኩል ነው? ዛሬ በብዙ ጊቢ የክፍል ለውጥ፣ የሚድ ቀን፣ የግሬድ ቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ የሚሰማው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። የክፍል ተወካዩ መምህሩን በስልክ ያነጋግራል፣ ግሩፑ ላይ ይለጥፋል፣ አለቀ። ለዕለት ተዕለት ነገር ይህ ጥሩ ነው፤ ፈጣንም ነው፣ ዳታም ብዙ አይበላም። ነገር ግን «አልሰማሁም» የሚል ተማሪ ሲመጣ የሚያስረዳ ማስረጃ የለም፤ መልእክቱ ሊሰረዝ፣ ሊታረም፣ ሌላ ሰው በተወካዩ ስም ሊጽፈው ይችላል። በአሜሪካ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች «ወደ ኮሌጅ አድራሻህ የተላከ መልእክት እንደደረሰህ ይቆጠራል» የሚል አንቀጽ አላቸው። ይህን እንዳለ መገልበጥ እኛ ዘንድ ፍትሕ አይሆንም። ተማሪው አድራሻውን በምዝገባ ዕለት በእጁ ካልተቀበለ፣ ላብ ውስጥ ገብቶ የሚያይበት ሰዓት ካልተመደበለት፣ ስልኩ ላይ እንዴት እንደሚጫን አንድ ሰው ካላሳየው፣ «ደርሶሃል» ማለት በማያልፍበት መንገድ ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ መቅጣት ነው። እኔ ብጽፈው እንዲህ እለዋለሁ፦ ተማሪው ሳጥኑን በሳምንት ሁለት ጊዜ የማየት ግዴታ አለበት፤ መብት የሚያሳጣ ማንኛውም ውሳኔ በኢሜይል ከተላከ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ይጠበቃል፤ ማስታወቂያ ሰሌዳውም አይነቀልም። ቴሌግራም አስታዋሽ ይሁን፣ ኢሜይል ደብዳቤ።

ቀጥሎ አድራሻው ራሱ አለ። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። «አበበ ነጥብ ከበደ» ብለው ሲከፍቱ በአንድ ባች ውስጥ ሦስት አበበ ከበደ ሊገኝ ይችላል። የአያት ስም ሲጨመር አድራሻው ይረዝማል፤ ደግሞ ፊደል ይሳሳታል። ጸጋዬ በ«ቲኤስ» ይጻፍ ወይስ በ«ኤስ» ብቻ? ሐጎስ ላይ አንድ «ኦ» ወይስ ሁለት? የማያከራክረው መንገድ በፓስፖርት ወይም በብሔራዊ ፈተና ሰርተፍኬት ላይ ያለውን አጻጻፍ እንዳለ መውሰድና ሲጋጭ ሁለት አኃዝ መጨመር ነው። የተማሪውን መታወቂያ ቁጥር አድራሻ ማድረግ ለአይቲ ክፍሉ ምቹ ቢሆንም አልወደውም፤ ተማሪው ለውጭ ሰው በጻፈ ቁጥር መታወቂያውን ያድላል፤ ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የተማሪ ፖርታል መግቢያም ነው።

የመጀመሪያው የይለፍ ቃል ሌላው ቀዳዳ ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ የኮሌጁ ስም ከ1234 ጋር፣ ከሆነ ያላየው ሰው የለም ማለት ነው። ሥርዓቱ በመጀመሪያው መግቢያ ላይ በግድ እንዲያስቀይር ማድረግ አንዲት ምልክት ማብራት ብቻ ነው። በየሦስት ወሩ አስቀይሩ የሚለው የቆየ ልማድ ግን ይቅር። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እንኳ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በየጊዜው የማስቀየርን ልማድ ትቶታል፤ ምክንያቱ ሰው ሲገደድ «መስከረም1» የነበረውን «ጥቅምት2» ማድረጉ ነው። ረጅም ሐረግ ይሻላል፤ «አበበ በሶ በላ» ግን ሁላችንም የምናውቀው ስለሆነ አይቆጠርም። ሁለተኛ ማረጋገጫ ሲጨመር በአጭር መልእክት ከሚመጣው ኮድ ይልቅ በየ30 ሰከንዱ ቁጥር የሚቀይረውን የስልክ መተግበሪያ ምረጡ፤ ኢንተርኔትም ኔትወርክም ሳይኖር ይሠራል፣ ሲም ካርድ ቢጠፋም አይነካውም። ጎግል የሚሰጣቸውን አሥር መጠባበቂያ ኮዶች አትሞ ከትምህርት ማስረጃ ጋር ማስቀመጥ ግን ግዴታ ይሁን፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፣ ስልክ በተሰረቀ ዕለት ዋጋው ይታወቃል።

አሁን ወደ ትልቁ ራስ ምታት፦ ለሁሉም ወደሚላክ መልእክት። በኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሆነው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። የገንዘብ ክፍሉ ስለ ግብር ቅጽ ለተማሪዎች ማስታወቂያ ላከ። አንድ ተማሪ መልእክቱን ለእናቱ ሊያስተላልፍ ብሎ «ለሁሉም መልስ» ነካ። ዝርዝሩ ላይ ወደ 40,000 የሚጠጋ ሰው ነበረበት፤ ዝርዝሩ ለማስታወቂያ የታሰበ ቢሆንም ማንም የጻፈው መልስ ለሁሉም እንዲደርስ ክፍት ነበር። ልጁ ይቅርታ ጠየቀ፤ ግን ሌሎቹ መንገዱ ክፍት መሆኑን አንዴ አይተዋል። ቀልድ፣ ምስል፣ ጥያቄ፣ «እባካችሁ አቁሙ» የሚል ለሁሉም የተላከ ልመና ተከታተለ። የተማሪው ጥፋት ጣት መሳት ነው፤ የተቋሙ ጥፋት በሩን ከፍቶ ማደር ነው።

መድኃኒቱ ሦስት ማስተካከያ ነው። ወደ ጠቅላላ ዝርዝር የመላክ ፈቃድ በስም ለተጻፉ ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ ይሰጥ፤ ሬጅስትራር፣ የሕዝብ ግንኙነትና አይቲ ይበቃሉ። ሌላው ሰው የላከው አጽዳቂ ጋ ይቁም። መልስ ሲጻፍ ወደ ላኪው ብቻ እንዲሄድ የዝርዝሩ መመለሻ አድራሻ ይስተካከል። በጎግል ግሩፕስ እነዚህ ሁሉ የምርጫ ጉዳዮች ናቸው፤ የሚያስቸግረው መጀመሪያ ሲከፈት ማንም ሳይነካቸው መቅረታቸው ነው። ላኪዎቹም ጂሜይል ውስጥ «መላክን ሰርዝ» የሚለውን ጊዜ ከ5 ሰከንድ ወደ 30 ያሳድጉት። በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ስሕተት ዓይን ውስጥ እንደሚገባ የሞከረ ያውቃል።

እዚህ ላይ ስለ ሐዘን ማስታወቂያ አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ የተቀዳ ደንብ «ለግል ጉዳይ የሠራተኛ ዝርዝር መጠቀም ክልክል ነው» ይላል። የባልደረባ እናት ሲያርፉ ግን የቀብር ሰዓትና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መነገር አለበት፤ ያን ቀን ደንብ የሚያነብ የለም። አንድ ጊዜ በግልጽ የተጣሰ ደንብ ደግሞ ለሎተሪና ለምርጫ ቅስቀሳም በር ይከፍታል። ስለዚህ ለሐዘን፣ ለእድርና ለማኅበራዊ ጉዳይ የተለየ ዝርዝር ይከፈት፤ የማይፈልግ ይውጣ፤ ጠባቂው የእድሩ ጸሐፊ ይሁን። ፖለቲካና የሃይማኖት ክርክር ግን በየትኛውም የኮሌጅ ዝርዝር ላይ ቦታ የለውም። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ 1185/2012 እንዳለ ማስታወስ ይቻላል፤ ነገር ግን አዋጁ ባይኖርም ከልዩ ልዩ አካባቢ የመጡ ልጆች በአንድ ዶርም በሚያድሩበት ጊቢ ይህ ሊብራራ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ግልባጭ ሁለት ዓይነት ነው፤ የወረቀቱ ደብዳቤ የማያውቀው ሁለተኛው ስውር ግልባጭ ነው። ለስልሳ ተማሪ መልእክት ሲላክ አድራሻዎቹ በግልጽ ከተደረደሩ ስልሳው ሁሉ የስልሳውን አድራሻ ያገኛል፤ ከእነሱ አንዱ ሳጥኑ በቫይረስ ወይም በሌባ ከተያዘ ዝርዝሩ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ለብዙ ሰው ሲላክ «ለ» በሚለው ቦታ የራስን አድራሻ፣ ተቀባዮቹን በስውር ግልባጭ። በተቃራኒው ሁለት ሰዎች በሚወቃቀሱበት ጉዳይ ላይ ዲኑን በስውር መጨመር ነገር ማቀጣጠል ነው፤ ዲኑ ሳያስተውሉ «ለሁሉም መልስ» የነኩ ዕለት ሁሉም ይገለጣል።

ግሬድ ለየት ያለ ነገር ነው። መምህሩ የሙሉ ሴክሽኑን የኤክሴል ሰንጠረዥ፣ ስም ከመታወቂያ ቁጥርና ከውጤት ጋር፣ ለተወካዩ ይልክለታል፤ ተወካዩ ግሩፑ ላይ ያወርደዋል። ልማዱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ዘመን ነው፤ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን በሳምንቱ ይቀደድ ነበር፤ ፋይሉ ለዘላለም ይኖራል። አሁን ስለ ግል ዳታ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የተማሪ ውጤት ከስሙ ጋር የግል ዳታ መሆኑ አያጠያይቅም። የሕክምና ወረቀትማ ከዚያም የከበደ ነው፤ «ታሜ ነበር» ብሎ ተማሪ ለመምህሩ የላከውን የሐኪም ማስረጃ መምህሩ ለትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ ኃላፊው ለዲኑ ሲያስተላልፉት ምርመራው አራት ሳጥን ውስጥ ያድራል። «ማስረጃውን አይቻለሁ፣ ሜክአፕ ይፈቀድለት» የሚል አንድ መስመር ይበቃ ነበር። ውጤት በፖርታል ይለቀቅ፤ ፖርታል ከሌለ በተናጠል ይላክ። የኤክሴልና የኢሜይል ማዋሐጃውን ማወቅ የግማሽ ሰዓት ሥልጠና ነው፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ መስመር ብቻ ይሄድለታል።

ስለ አባሪ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የኢሜይል አገልግሎቶች ለአንድ መልእክት 20 ወይም 25 ሜጋባይት ይፈቅዳሉ እንላለን፤ ፋይሉ ግን ሲጓዝ ወደ ጽሑፍ ቁምፊ ስለሚቀየር ከሲሶ በላይ ያብጣል። 18 ሜጋባይት የነበረው ወደ 25 ይጠጋል። 22 ሜጋባይት የሆነ ቴሲስ «ከገደቡ በታች ነው» ተብሎ ተልኮ የሚመለሰው ለዚህ ነው። በደንቡ 10 ሜጋባይት ብሎ መቁረጥ ይሻላል፤ ከዚያ በላይ በድራይቭ ሊንክ። ሊንኩ ሲሰጥ «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለው አይመረጥ፤ «የኮሌጁ አባላት ብቻ» እና «ማየት ብቻ» ይሁን። ከስልክ የተነሣ የመታወቂያ ወይም የሰርተፍኬት ፎቶ አንዱ ብቻ 4 ወይም 5 ሜጋባይት ይሆናል፤ ተቀባዩ በሞባይል ዳታ ከሆነ የሚከፍለው እሱ ነው፤ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ መላክ ብዙ ጊዜ መጠኑን በብዙ እጥፍ ይቀንሳል።

ሌላው የእኛው የብቻችን ችግር ፎንት ነው። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች፣ ዩኒኮድ (በሁሉም መሣሪያ የሚነበበው የጋራ የፊደል ኮድ) ባልሆኑት፣ የተተየበ የቢሮ ሰነድ አሁንም ይዞራል። ያ ፎንት በሌለበት ስልክ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል፤ ተማሪው ቫይረስ መስሎት ይሰርዘዋል። የሚላክ የአማርኛ ሰነድ በዩኒኮድ ይተየብ፤ የቆየ ከሆነ ፎንቱን ውስጡ ይዞ ወደ ፒዲኤፍ ይቀየር። ቀንና ሰዓትም እንዲሁ ያሳስታል። «እስከ ሐሙስ 8 ሰዓት» የሚል መልእክት ለአንዱ ከቀትር በኋላ ነው፣ የስልኩን ሰዓት ለሚያነበው ጠዋት ነው። በውጭ ሰዓት 23፡59 ብሎ የሚዘጋ ማስረከቢያ በእኛ ሌሊት 5፡59 ነው። «ከቀኑ» ወይም «ከሌሊቱ» ብሎ መጻፍ፣ ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ማስቀመጥ ሁለት ሴኮንድ ይወስዳል፤ የአንድ ሴክሽን ቅሬታ ያስቀራል።

ተማሪ ለመምህር ሲጽፍ ምን ይጻፍ የሚለውን በደንብ ውስጥ ማስገባት ያስቃል ይሆናል፤ ነገር ግን ጉዳዩ ባዶ፣ ውስጡ ባዶ፣ አባሪው «ዶክመንት 1» የሆነ ኢሜይል ለአራት ሴክሽን በሚያስተምር መምህር ሳጥን ውስጥ የሌለ ያህል ነው። ጉዳዩ ላይ የኮርሱ ስም፣ ሴክሽንና የተፈለገው ነገር፤ ውስጡ «ለመምህር እገሌ» ብሎ በአንቱታ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር፤ መጨረሻው ላይ ሙሉ ስም። የፋይሉ ስም የራስን ስምና የኮርሱን ስም ይያዝ፤ «አሳይመንት ፋይናል የመጨረሻው» የሚል ስም ለላኪው እንጂ ለተቀባዩ ምንም አይነግረውም። መምህሩም በበኩሉ በስንት የሥራ ቀን እንደሚመልስ በኮርስ አውትላይኑ ላይ ይጻፍ። ሦስት ቀን ብሎ መጠበቅ «ወዲያው» ብሎ ከመጥፋት ይሻላል።

አንድ ሳጥን ሲሰረቅ ምን እንደሚሆን ግን ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል፤ ብዙ ሰው ጉዳቱ የባለቤቱ ብቻ ይመስለዋል። «የኢሜይል ሳጥንዎ ሞልቷል፣ እዚህ ተጭነው ያድሱ» የሚል መልእክት ይመጣል፤ አንዱ መምህር ይጫናል፣ የይለፍ ቃሉን የኮሌጁን ገጽ በሚመስል ገጽ ላይ ይተይባል። ሌባው በዚያ ሳጥን ከጎግል የትምህርት አገልግሎት በቀን እስከ 2,000 መልእክት ሊልክ ይችላል፤ የግል ጂሜይል ቢሆን 500 ነበር። ተቀባዮች «ስፓም» ብለው ምልክት ያደርጋሉ። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎግልና ያሁ በጅምላ ለሚልኩ አጥብቀዋል፦ ወደ ጂሜይል በቀን ከ5,000 በላይ የሚልክ ዶሜይን (የተቋሙ አድራሻ ቅጥያ) ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉት ሦስቱ ማረጋገጫዎች ያስፈልጉታል፤ የስፓም ቅሬታው ከ0.3 በመቶ በታች መሆን አለበት። የኮሌጁ ስም ከተበላሸ ጉዳቱ በዚያ መምህር ብቻ አያቆምም፤ ሬጅስትራሩ ለውጭ ዩኒቨርሲቲ የላከው የትራንስክሪፕት ማረጋገጫም ስፓም ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። ተማሪው ስኮላርሺፑ ለምን ዝም እንዳለ አያውቅም።

ሦስቱን ማረጋገጫዎች ማስገባት በዲኤንኤስ (በኢንተርኔት የስም ማውጫ) መዝገብ ላይ ጥቂት መስመር መጻፍ ነው። ኤስፒኤፍ በዚህ ዶሜይን ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፤ ከአሥር በላይ የዲኤንኤስ ጥያቄ ከጠየቀ ግን ይከሽፋል፣ አገልግሎት በጨመሩ ቁጥር መስመር የሚጨምሩ አይቲዎች የሚሰናከሉበት እዚህ ነው። ዲኪም መልእክቱ ላይ ዲጂታል ፊርማ ያኖራል። ዲማርክ ሁለቱም ካልተሳኩ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ይናገራል፤ መጀመሪያ «ምንም አታድርግ፣ ሪፖርት ብቻ ላክልኝ» በሚለው ደረጃ ተጀምሮ፣ ሪፖርቱ ለጥቂት ሳምንት ታይቶ፣ የራስ የሆኑት ላኪዎች ሁሉ ሲስተካከሉ ይጠበቅ። በአንድ ሌሊት ወደ «እምቢ በል» የዘለለ ኮሌጅ የራሱን ፖርታል ኢሜይል ራሱ ያግዳል። ሳጥንን በሙሉ ወደ ግል ጂሜይል በራሱ እንዲያስተላልፍ ማድረግም በደንቡ ይከልከል፤ የኮሌጁ ሰነድ ከኮሌጁ እጅ ይወጣል፣ ሲተላለፍም የኤስፒኤፍ ማረጋገጫው ይፈርሳል።

የተሰረቀ ሳጥን ሲመለስ የይለፍ ቃል መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ብዙው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከሁሉም መሣሪያ አስወጡት። የማገገሚያ ስልክና ኢሜይል የማን እንደሆነ እዩ፤ ሌባው የራሱን አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ማስተላለፊያና ማጣሪያ የሚሉትን ገጾች ክፈቱ፤ «ባንክ» ወይም «ክፍያ» የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ ወደ ውጭ ልኮ ከሳጥኑ የሚሰርዝ ማጣሪያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። የተፈቀደላቸው መተግበሪያዎችን አንድ በአንድ አስወግዱ። ከዚያ በኋላ መልእክት ለደረሳቸው ሁሉ ማሳወቂያ ይላክ። ተጠቂውን መቅጣት ደግሞ ሞኝነት ነው፤ ቅጣት የፈራ ሰው ሦስት ቀን ይደብቃል፣ ጉዳቱ የሚሠራው በእነዚያ ሦስት ቀናት ነው። በዲኑ ስም «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መደወል አልችልም፣ አሁኑኑ በቴሌብር ላክልኝ» የሚል ሲመጣ ደግሞ ፍተሻው ቀላል ነው፦ አድራሻውን ማየት፣ ከዚያም መደወል። ለአለቃ መደወል ያሳፍራል የሚባል ባህል ካለ ዲኑ ራሳቸው «ደውሉልኝ» ብለው በጽሑፍ ይፍቀዱ።

የቢሮ ሳጥኖች፣ ሬጅስትራር፣ ፋይናንስ፣ የትምህርት ክፍል፣ የሰው ሳይሆኑ የወንበር ናቸው። አንድ የይለፍ ቃል በአምስት ሰው ሲያዝ ማን ምን እንደላከ አይታወቅም፤ አንዱ ሲለቅ ደግሞ አይቀየርም። ጂሜይል ውክልና አለው፤ ማይክሮሶፍት ደግሞ የተለየ ፈቃድ ሳይገዛ እስከ 50 ጊጋባይት የሚይዝ የጋራ ሳጥን ይሰጣል፤ በሁለቱም እያንዳንዱ ሰው በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ የጋራውን ይከፍታል። ኃላፊ ሲቀየር ወንበሩና ቁልፉ ይረከባሉ፤ በግል ጂሜይሉ ሁለት ዓመት የተጻጻፈው ግን አብሮት ይሄዳል። አዲሱ ኃላፊ ከውጭ አጋር ተቋም ጋር የተባባሉትን ለማወቅ ያኛውን በስልክ ይለምናል። የማኅተም ርክክብ ቅጹ ላይ «የቢሮው ኢሜይል» የሚል አንድ ረድፍ መጨመር ምን ያህል ከባድ ነው?

አሁን ማንም ደፍሮ በዝርዝር ወደማይጽፈው አንቀጽ እንምጣ፦ ሳጥኑን ማን ሊከፍት ይችላል? «ኮሌጁ የመቆጣጠር መብት አለው» የሚለው ሐረግ ለማን እንደሰጠው አይናገርም፤ ስለዚህ ሥልጣኑ ቁልፉን በያዘው የአይቲ ሠራተኛ እጅ ይወድቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 በፖስታ፣ በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት አይደፈሬነት ጠቅሶ ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ሥልጣን ወደ ሌላ ሰው ሥርዓት መግባትን ወንጀል ያደርጋል። ሳጥኑ የኮሌጁ መሆኑ የጻፈውን ሰው መብት አያጠፋውም።

ሃርቫርድ ይህን በአደባባይ ተምሯል። በ2012 እ.ኤ.አ. መኸር የፈተና ማጭበርበር ጉዳይ ሲመረመር አንድ የውስጥ መልእክት ወደ ጋዜጣ ወጣ፤ አስተዳደሩ ያወጣውን ሰው ለማግኘት በ16 የተማሪ መኖሪያ ዲኖች የሥራ ሳጥን ላይ በስውር ፍለጋ አደረገ። በመጋቢት 2013 ሲታወቅ መምህራኑ ተቆጡ። የተፈለገው የመልእክቶቹ ርዕስ ብቻ ነው የሚለው መልስ ማንንም አላረጋጋም፤ የከነከናቸው ሳይነገራቸው መሆኑ ነበር። ከዚያ ኮሚቴ ተቋቁሞ በ2014 አዲስ ፖሊሲ ወጣ፦ በቂ ተቋማዊ ምክንያት፣ በስም የሚታወቅ ፈቃጅ፣ በተለመደው ሁኔታ ለባለቤቱ ማሳወቅ፣ የተከፈተውን መመዝገብ፣ በገለልተኝነት የሚከታተል ኮሚቴ። ለትንሽ ኮሌጅ ይህ ሁሉ አይበዛም። ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ፤ ምክንያቱ፣ የተፈለገው ጊዜና የተፈለገው ቃል ይጠቀስ። ዲኑና የሕግ ክፍሉ ሁለቱም ይፈርሙ። አይቲው የሚያወጣው የተፈቀደውን ብቻ ነው፤ ቀን፣ ሰዓትና ስም በመዝገብ ይያዛል። ምርመራውን የሚያበላሽ ካልሆነ ለባለቤቱ በሰባት ቀን ውስጥ ይነገረው። ሠራተኛ ሲሞት ወይም በድንገት ሲታመምም በዚሁ መንገድ ይሁን፤ ቤተሰብ የጠየቀ እንደሆነ የግሉ ፎቶና ደብዳቤ ለቤተሰቡ፣ የሥራው ለቢሮው።

የመጨረሻው ርክክብ መውጫው ነው። ተማሪ ሲመረቅ አድራሻው ወዲያው ከተዘጋ የጎዳው ራሱን ተማሪውን ነው፤ ለማስተርስ ያመለከተው በዚያ አድራሻ ነው፣ መልሱ የሚመጣው ከስድስትና ከስምንት ወር በኋላ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ይቆይ፤ ከመዘጋቱ 60፣ 30 እና 7 ቀን በፊት ማስታወሻ ይላክ፤ ፋይሎቹን የሚያወርድበት መንገድ በአማርኛ ይጻፍለት። ተባሮ የወጣ ሠራተኛ ሳጥን በዚያው ዕለት ይታገድ፤ ታገደ ማለት ግን ተሰረዘ ማለት አይደለም። ጎግል ላይ የተሰረዘ ተጠቃሚ የሚመለሰው በ20 ቀን ውስጥ ነው፣ ማይክሮሶፍት ላይ በ30፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤውም የድራይቭ ፋይሉም የለም። ስለዚህ ከመሰረዝ በፊት የፋይሎቹ ባለቤትነት ወደ ትምህርት ክፍሉ ሳጥን ይዛወር። ለትምህርት ወደ ውጭ የሄደ መምህር ግን ከሁሉ ይለያል። ያሳተመው ጥናት ላይ የመልእክት ተቀባይ ደራሲ ተብሎ የተጻፈው የኮሌጁ አድራሻ ነው፤ ጽሑፉ አንዴ ከታተመ አድራሻው አይቀየርም፤ ከአምስት ዓመት በኋላም መረጃውን የሚጠይቅ ሰው የሚጽፈው እዚያ ነው። ለእነዚህ ሳጥኑ ቢዘጋም አድራሻው ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ እንዲያስተላልፍ ሆኖ ክፍት ይቆይ፤ ጸሐፊዋም የመምህሩን አዲስ አድራሻ ከሰው ኃይል ማኅደሩ ላይ በየዓመቱ መስከረም ታድሰው።